ቦሌ ያልደረሰው ማህበር

ባለፈው የካቲት ኪዳነምህረት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝና፣ ከመካኒሳ ወደ ጀሞ በሚወስደው አዲሱ መንገድ ዳር ካሉት አግዳሚ ወንበሮች አንዱ ላይ ዘፍ አልኩ። መደገፊያ የለውም። የሠራው ሰው እናት የለውም እንዴ እያልኩ ወገቤን ሳሽ፣ አንዲት ሱፍ የለበሰች፣ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች ሴት ወረቀት ይዛ ቀረበችኝ። "እማማ፣ እንኳን አደረሰዎ። ቤት ይፈልጋሉ?" አለችኝ። "እኔ የምፈልገው ጉልበት ነው የኔ ልጅ፤ እሱን የምትሸጪ ከሆነ ዋጋውን ንገሪኝ" አልኳት። ከት ብላ ሳቀች። ከዛ ወረቀቱን እጄ ላይ አኖረችልኝና ከጀርባዬ ያለውን ሕንፃ ታሳየኝ ጀመር፤ ሁለት ሊፍት፣ ጀነሬተር፣ ከመሬት በታች የመኪና ማቆሚያ። "ሰፈሩም እንደ ድሮው አይደለም። መብራቱን፣ ዛፉን፣ የብስክሌት መንገዱን ይመልከቱ። ከአሁን ወዲያ ይሄ ሰፈር ቦሌን ያስንቃል" አለች።

ቦሌን ያስንቃል! መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ የመጣውን ግን በነጠላዬ ነው የጠረግኩት። ልጅቷ ደንግጣ "ምን አጠፋሁ እማማ?" ትለኛለች። ምን አጥፍታ! እሷ ገና ሳትወለድ እኔ ራሴ ስደጋግማት የኖርኩት ቃል ናት። የምላትም ለአንዲት ሰው ነበር፤ ለበላይነሽ፣ ለባልንጀራዬ። ከበልዬ ጋር ከተለያየን ሠላሳ ምናምን ዓመት ሆነን። ልነግራት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ አልነገርኳትም። በሕይወት ትኑር አትኑር እንኳ አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ጠዋትም የቤተ ክርስቲያኑን ግንብ ተደግፌ "እመቤቴ፣ ያን ነገር በገዛ አፌ ሳልነግራት አትውሰጂኝ" ብዬ ነው የወጣሁት። በየዓመቱ እላታለሁ። በየዓመቱ ደግሞ የቦሌ ታክሲ አጠገቤ ይቆማል፣ ረዳቱ ይጮኻል፣ እኔ አልገባም።

አሁን ይሄ ሕንፃ የቆመበት ቦታ የኦቦ ፈይሳ የጤፍ ማሳ ነበር። እውነቴን ነው። ነፋስ ስልክ ያኔ የከተማው ጫፍ ናት፤ ከኛ ወዲያ ላፍቶ ገጠር ነው፣ ጀሞ ደግሞ ተራራ ነው። ወደፊት ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖሪያለሽ ያለኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ጠበል ውሰዱት እል ነበር። ኦቦ ፈይሳ ጠዋት ጠዋት ወተት በአህያ ጭነው ይመጣሉ፤ ጠርሙሱ በስሙኒ። እኔና በልዬ አንዱን ጠርሙስ ለሁለት እንገዛለን፤ እሳቸው ታዲያ ሁሌም ጠብ አድርገው ይጨምሩልናል። "ጠጡ ልጆቼ፣ የፋብሪካ አቧራ ያወርዳል" ይሉናል። ሁለታችንም ክር ፋብሪካ ነበርን፤ ማሽኖቻችን ጎን ለጎን፣ ቤታችንም ጎን ለጎን፣ አጥሩ አንድ። እሷ ሽንኩርት ስትከትፍ እኔ ነኝ የማለቅሰው እንባባል ነበር። ክረምት ሲገባ ያ የሰፈራችን ጭቃ ነገር! ሰው ይውጣል። እስከ አስፋልቱ ድረስ በቦቲ እንሄድና፣ እዛ ካለችው ጠላ ሻጭ ደጃፍ እግራችንን ታጥበን፣ በጋዜጣ የጠቀለልነውን ጫማ አውጥተን እናደርጋለን። ቦቲው እዛው ተደርድሮ ይውላል። የሃያ ሰው ቦቲ አንድ ደጅ ላይ ሲውል አንድም ቀን አልጠፋም። አሁን ዘበኛ ባለበት ሕንፃ የበር ምንጣፍ ይሰረቃል።

በልዬ ከመጀመሪያ ደሞዟ ያሰፋችው ቢጫ የቴትረን ቀሚስ ነበራት፣ ከጉልበት በላይ የሆነ። እናቴ ባየችው ቁጥር "ምነው፣ ጨርቁ አልበቃ ብሎ ነው?" ትላለች። ቁመቷ መለሎ ነው፣ ጥርሷ ፍንጭት ነው፣ አፍሮዋ በበር አይገባም። ማዕዘኑ ላይ ያለው የካሴት ሱቅ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ ሲለቀው፣ እሷ ከነዘንቢሏ ቆማ ትከሻዋን ታንቀጠቅጣለች። እኔ "ኧረ ሰው ያየናል፣ ተይ!" እላለሁ፤ ሰው እንዲያየን ግን ልቤ ይፈልጋል። ሰው የሚያየው እሷን ነበር። እኔ አጭር ነኝ፣ ከበልዬ አጠገብ ስቆም ደግሞ የባሰ አጥራለሁ። አንድም ቀን ግን ይህን አሳስባኝ አታውቅም፤ እንዲያውም ከፎቶ ቤት ስንገባ ለኔ በርጩማ አስመጥታ እሷ ጎንበስ ትላለች።

እሑድ ከሰዓት በውይይት ታክሲ ስሙኒ ከፍለን ወደ መሀል ከተማ እንወጣና፣ ከዛ በእግራችን ቦሌ መንገድን እንያያዘዋለን። ሥራ ፈትተን አይደለም፤ ልናይ ነው። ያ ዳርና ዳር መብራቱ፣ ያ ግቢው፣ በአጥሩ ላይ የሚንዠረገገው አበባ። ጀላቲ እየላስን፣ ውሻ ሲጮህብን እየሸሸን፣ የሰው ቪላ እንከፋፈላለን። "ያ ባለ ሰማያዊ መስኮቱ የኔ፣ ያ ባለ በረንዳው ያንቺ።" በልዬ አንድ ቀን ቆም ብላ "ጥሩዬ፣ አንድ ቀን እውነቴን እዚህ እገባለሁ" አለችኝ። ከት ብዬ ሳቅኩባት። "ምን ያደርግልሻል? ሂጂና ከፈረንጅ ውሻ ጋር ኑሪ። የኛም ሰፈር ጊዜው ሲደርስ ቦሌን ያስንቃል፤ ጠብቂ" አልኳት። "እስኪያስንቅ ድረስ እኛ አርጅተን የለ እንዴ!" አለችና እጄን ይዛ ጎተተችኝ። ከዛ በኋላ ጨዋታችን ሆኖ ቀረ። ሰፈራችን አንድ የመንገድ መብራት ሲተከል "ያውልሽ ቦሌ" እላታለሁ፤ መብራቱ በሳምንቱ ሲጠፋ "ቦሌሽ ጨለመ" ትለኛለች።

ማህበር የገባነው ተያይዘን ነው፤ የኪዳነምህረት የጽዋ ማህበር፣ አሥራ ሁለት ሴቶች፣ በወር በወሩ በአሥራ ስድስት። ባለተራዋ ትደግሳለች፤ የማህበሩ አባት ቄሱ መጥተው ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ባርከው ይቆርሳሉ፤ ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ ጽዋውን የሚቀጥለው ወር ባለተራ ተቀብላ በእልልታ ወደ ቤቷ ትወስዳለች። ሙሴዋ፣ ማለት የማህበሩ መሪ፣ እኔ ነበርኩ። አፌ አያርፍም፣ ሰው መሰብሰብ አውቅበታለሁ፣ ለዛ ነው የመረጡኝ። ሥርዓታችን ደግሞ ጥብቅ ነው፤ ከባለተራዋ የሚመጣ መልእክት ለሙሴዋ ይነገራል፣ ሙሴዋ ለቀሩት ቤት ለቤት ታደርሳለች፣ ለቄሱም የምትነግረው እሷ ናት። ስልክ በየቤቱ የለም። በሙሴ አፍ የመጣ ነገር ተመልሶ አይጠየቅም። ሙሴን መጠራጠር ጽዋውን እንደ መጠራጠር ነበር የሚቆጠረው።

የበልዬ ባል ተፈራ የአሰብ ሹፌር ነበር። መጀመሪያ የሰው መኪና ነዳ፣ ቀጥሎ የራሱን፣ ቀጥሎ ሁለተኛ ጨመረ። ያኔ ሁላችንም ስኳር በሰልፍ ነበር የምንገዛው፤ እሱ ግን ከመንገድ ሲመለስ ጭኖ ያመጣውን ጨው፣ ቴምር፣ ሰልባጅ፣ ለጎረቤት ሳያካፍል አያድርም። ሰው በቅናት ሲያየው የማይከፋው ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማር። አንድ ቀን በልዬ አጥሩን ተሻግራ መጣችና ተቀመጠች። "ጥሩዬ፣ ቤቱ አለቀ" አለችኝ። የቱ ቤት? ቦሌ ነዋ! ተፈራ ቦታ አግኝቶ ሲያሠራ ቆይቷል፤ እሷ ግን አንድ ዓመት ሙሉ አልነገረችኝም። "ፈራሁሽ" አለችኝ። "ምን ትፈሪኛለሽ፣ ጅብ ነኝ?" አልኩና አቀፍኳት፣ እልልም አልኩላት። እልልታዬ ከሰፈሩ ሁሉ በለጠ። ዕቃዋ በተጫነ ቀን ከመኪናው ኋላ እየሮጥኩ "ጠብቂ፣ እንበልጥሻለን!" ብዬ ጮህኩባት። እሷ ስቃ አለቀሰች። አጥሩን ተሻግሮ የሚመጣ ሰው ከዛ ቀን በኋላ የለም፤ ቤቷን የተከራዩት ሰዎች ደግሞ የምንሾልክበትን ቀዳዳ በቆርቆሮ መቱት።

ለቤት ምርቃቱ ማህበርተኛው ሁሉ ሄድን። በሩ ላይ ዘበኛ "የማን ናችሁ?" አለን። የማንም አልነበርንም፤ የበልዬ ነን አልነው። ወለሉ እንደ መስታወት ነው፣ ጫማችሁን አውልቁ ሳትባሉ ታወልቃላችሁ። የኔ ስቶኪንግ ትልቁ ጣቴ ጋ ተቀዷል። እግሬን በእግሬ ሸፍኜ እንደ ዶሮ ስቆም በልዬ አየችኝ፤ ምንም ሳትል የራሷን የቤት ጫማ አውልቃ እግሬ ሥር አኖረችና እሷ በባዶ እግሯ ታስተናግድ ጀመር። ያ የቤት ጫማ ለስላሳ ነበር። እስከ ዛሬ እግሬ ላይ ያለ ይመስለኛል። ስንወጣ በሩ ላይ ጆሮዬ ሥር "ጥሩዬ፣ ሰፈሬ ናፈቀኝ፤ እዚህ ማንም ማንንም አይጠራም" ስትለኝ፣ በዓይኔ ዙሪያውን አየሁ፤ ያን አበባ፣ ያን በረንዳ፣ ያን የውሃ ማሞቂያ። ይህን ሁሉ ይዛ ሰፈሬ ናፈቀኝ! ቀለደችብኝ አልኩ በሆዴ። ወደ ቤት ስንመለስ ሴቶቹ በሙሉ ስለሷ ሲያወሩ እኔ ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል ደግሞ ሰው መፍራት ነበረበት።

በጥር ጽዋውን የተቀበለችው እሷ ናት። እልል ብለን እስከ ታክሲው ሸኘናት፤ ባለተራዋ ለየካቲት ኪዳነምህረት፣ ለዋናው ዓመት በዓል ማለት ነው። በልዬ ያን ወር ሁለት ጊዜ ተመላልሳ መጣች። ጌሾዋን ከኛ ሰፈር ገዛች፣ የቦሌው አይጥምም ብላ። "ቄሱን በተፈራ መኪና አስመጣቸዋለሁ፣ እናንተን ብቻ በጊዜ ይዘሽልኝ ነይ" አለችኝ። እሺ አልኳት። መኪናው ለሥራ ሲወጣ ጊዜ "እንግዲያው ቄሱንም አንቺው ይዘሻቸው ነይ" ብላ ላከችብኝ። እሺ አልኩ። በዋዜማው ከሰዓት ነጠላዬን አጣፍቼ ቤት ለቤት ዞርኩ። "በልዬ አሟታል፤ ዝግጅቱ ለመጋቢት ተላልፏል" አልኳቸው።

እንዲህ ብዬ ነው የነገርኳቸው፤ ማንም አላዘዘኝም። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ሞልቷል። ሁለት ታክሲ ቀይረን፣ በዛ ፀሐይ፣ አስካለ ደግሞ እግሯን ያማታል፤ ሴቶቹ የሚለብሱት የላቸውም፤ ዘበኛው ደግሞ የማን ናችሁ ሊለን ነው፤ ጽዋ ከደብሩ ርቆ መሄዱም ልክ አይደለም። የሌላውን ሁሉ ችግር ቆጠርኩ። አስካለ ብቻ፣ ያቺ የዋህ፣ "ታዲያ ሰው ታሞ አይጠየቅም እንዴ? ነገ ሄደን እንጠይቃት" አለችኝ። አያችሁ ውሸት ብቻውን አያድርም፤ "ትኩሳቱ ይጋባል ተብላለች፣ ሰው አታምጡብኝ ብላለች" አልኳት። ከዛ ቄሱ ዘንድ ሄድኩ። መስቀላቸውን ተሳልሜ፣ በተሳለምኩበት አፍ ዋሸኋቸው። "እመቤቴ ትማራት" አሉ እሳቸው። አሜን አልኩ።

በበዓሉ ቀን ቤቴ ተቀመጥኩ። ቁጭ ብዬ ሰዓት ሳይ፣ አሁን ጠላው ተጠልሎ፣ አሁን ወንበሩ ተደርድሮ፣ አሁን በር በሩን እያየች ነው እላለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንኳ ብነሳ እደርስ ነበር። ብቻዬን ሄጄ "ጥፋተኛ ነኝ" ብላት ያቺ ሴት ትስቅ ነበር፤ አውቃታለሁ። አልተነሳሁም። በሦስተኛው ቀን የተፈራ ሹፌር ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ አመጣልኝ። "እትዬ በላይነሽ 'ምን አጥፍቼ ነው?' በልልኝ ብለውኛል" አለኝ። ልጁ መልስ ይጠብቃል፣ እኔ ጽዋውን ይዤ ቆሜያለሁ። "ሰላም በልልኝ" አልኩት። ይኸው ነው የመለስኩት፤ ሰላም በልልኝ። ሴቶቹ ሲጠይቁኝ ደግሞ "ማህበሩን ትታለች፣ ቦሌ የራሷን ልትገባ ነው" አልኳቸው። "ይበላት! ቦሌ ስትገባ ናቀችን" ተባለ። ስሟ ከዛ ወዲያ ሲነሳ ከንፈር ይመጠጥ ነበር፤ ከንፈር ከሚመጥጡት መሀል አንዷ እኔ ነበርኩ። እሷ እኛ የናቅናት መሰላት፣ እነሱ እሷ የናቀቻቸው መሰላቸው፤ እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ።

ዓመቱ እንዴት እንደሄደ አትጠይቁኝ። ባሌ ሞተ፣ ልጆች ወጡ፣ ፋብሪካው ሠራተኛ ቀነሰ፣ ማህበርተኛው አንዷ በሞት፣ አንዷ ቤቷ ለመንገድ ሲፈርስ፣ እየተበተነ አለቀ። እኔም ዕጣ ደረሰኝና ጀሞ ገባሁ። ከዛ ይሄ የኮሪደር ልማት የሚሉት መጣ፤ የድሮ ሱቆች ሄዱ፣ መንገዱ ሰፋ፣ ማታ ማታ እንደ ቀን ይበራል፣ ወጣቱ እየቆመ ፎቶ ይነሳል። አንድ ማኪያቶ የጥንቱን የወር ደሞዜን ያህል ነው። ቆንጆ ነው፣ አልዋሽም፤ ያ ጭቃ ይናፍቀኛል የሚል ሰው ጭቃውን አያውቀውም። ግን በልዬ ብታየው እያልኩ ነው የማየው። አበባ ሲተክሉ ሳይ "ያውልሽ ቦሌ" እላለሁ፣ ለማንም።

ወደዛች ወረቀት ወደ ሰጠችኝ ሴት ልመልሳችሁ። ማልቀሴ አስደንግጧት ሮጣ ሄዳ የታሸገ ውሃ ይዛልኝ መጣች፣ አጠገቤም ተቀመጠች። "ስምዎን ማን ልበል እማማ?" አለችኝ። "ጥሩወርቅ።" ጠርሙሱን ሳትከፍተው ቀረች። "ነፋስ ስልክ የነበሩት እትዬ ጥሩወርቅ? የማህበሩ ሙሴ?" "አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?" "ማህሌት ነኝ። የበላይነሽ ልጅ።" ስትሄድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፣ ሁለት ጉንጉን ፀጉር ያላት። አቀፈችኝና እጄን ይዛ "ያን የኪዳነምህረት ዕለት አልረሳውም" አለችኝ። "በር ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ማሚ 'ነጭ የለበሱ ሲመጡ ሮጠሽ ንገሪኝ' ብላኝ፣ ነጭ የለበሰ ባየሁ ቁጥር እሮጣለሁ። ድፎው እስከ ማታ አልተቆረሰም። እኛ ልጆች እርቦን ስናለቅስ 'ቄሱ ሳይባርኩት አይነካም፣ አሁን ይመጣሉ' ትለን ነበር። ለነገሩ ድሮ ነው፣ እንዴት እንዲህ እንደትናንት ትዝ እንደሚለኝ!" ልጅቷ ለወሬ ነው የምታወራው።

"እናትሽስ?" አልኩ እንደምንም። "ማሚ? ላይ ናት እኮ! ስድስተኛው ፎቅ ላይ ቤቱን እያየች ነው። አባዬ ካረፈ በኋላ የቦሌው ግቢ ሰፋባት። የድሮ ሰፈሬ አካባቢ ውሰዱኝ እያለች ነዘነዘችን። እዚህ እንደምሠራ ታውቃለች፤ ዛሬ ኪዳነምህረት ናት፣ በሷ ቀን ልየው ብላ ነው የመጣችው። ጠዋት መስኮቱን ከፍታ ስታይ ቆይታ 'ይሄን ነው' አለችኝ። ልንፈራረም ነው እኮ፤ ጎረቤት ልትሆኑ ነው!" አለችና ስልኳን አውጥታ ደወለች። እግዚአብሔር ያሳያችሁ። ሠላሳ ምናምን ዓመት የለመንኩት ነገር በሊፍት እየወረደልኝ ነው።

መለሎዋ ጎብጣለች። ከዘራ ይዛለች፣ ነጠላዋ ግን እንደ ድሮው ነው፤ ትከሻዋ ላይ ጣል። "ጥሩዬ! አለሽ እንዴ?" አለችኝ። "ሞት ረስቶኝ" አልኳት። ተሳሳምን፤ ጉንጭ ለጉንጭ ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም፣ ማህሌት እስክትስቅብን ድረስ። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መደገፊያ የሌለው ወንበር እሷንም አናደዳት፤ እሱን እየሰደብን ትንሽ ተጫወትን። ባሌን ጠየቀችኝ፣ ሞቱን ነገርኳት። ተፈራን አነሳሁ፣ አለቀሰች። ከዛ በከዘራዋ መንገዱን እያሳየች "ይኸው አልሽው አደረግሽው፤ ያስንቃል ያልሽው እውነት ሆነ" አለችኝ። "አንቺስ እናረጃለን ያልሽው?" አልኳት። ሳቀች፤ ያ ፍንጭቷ አሁን ሁለት ጥርስ ያህል ሰፍቷል። ልቤ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። ከዛ እጇን ጉልበቴ ላይ አኖረች።

"ጥሩዬ፣ እስቲ ዛሬ በቀኗ ልጠይቅሽ። ያን ዕለት ምን ሆናችሁ ነው የቀራችሁብኝ?"

ድምፅዋ ላይ ቂም የለም። ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነው። እንዲህ ያለ በር ተከፍቶልኝ አያውቅም፤ ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፣ በየዓመቱ ግንብ ሥር የምለማመደው ቃል። ማህሌት ግን ፊቴ ቆማለች፣ ያቺ በር ላይ ስትሮጥ የዋለች ልጅ፣ ፈገግ ብላ መልሴን ትጠብቃለች። ሙሴዋ እኔ ነበርኩ። ሸበትኩ፣ የልጅ ልጅ አየሁ፣ ስንቱን አስታረቅኩ፤ አሁን በዚች ልጅ ፊት ምን ልባል ነው?

"ቤንዚን ጠፍቶ እኮ ነው በልዬ" አልኩ። አፌ ራሱ ነው የተናገረው። "ያን ቀን ታክሲ የሚባል አልነበረም። እስከ ሰባት ሰዓት አስፋልቱ ላይ ቆመን ቀረን።"

"ቤንዚን ጠፍቶ" አለች።

"አዎ።"

"ቄሱም?"

"እሳቸውም ከኛ ጋር ቆመው።"

ራሷን ነቀነቀች። እጇን ከጉልበቴ ላይ አነሳችና ከዘራዋን ያዘች። ወዲያ ወዲህ የሚሄደውን መኪና ጥቂት ካየች በኋላ ለመነሳት ሞከረች፤ ማህሌት ደግፋ አነሳቻት። "በይ እንሂድ የኔ ልጅ። ቤቱን ተይው" አለቻት።

"እንዴ ማሚ! ጠዋት ወደድኩት አላልሽም? ሰፈሩ ምን ጎደለው?"

"ሰፈሩማ ምን ይወጣለታል። ቦሌ ይሻለኛል። እዛ የምጠብቀው ሰው የለም።"

ልጅቷ ግራ ገብቷት እኔንም እናቷንም ታያለች። በልዬ መኪናውን አምጪልኝ ብላ ላከቻትና፣ ብቻችንን ስንቀር ጎንበስ ብላ ነጠላዬን አስተካከለችልኝ። "አስካለን፣ ነፍሷን ይማርና፣ ለቅሶ ቤት አግኝቻት ነበር" አለችኝ። "'ያኔ ታመሽ ሳንጠይቅሽ ቀረን፣ ይቅር በዪኝ' ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። ያን ጊዜ ገባኝ። ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው። ለማንም እንዳትናገሪ አልኳት፤ አንቺው ራስሽ ትነግሪኛለሽ ብዬ። ቤት ለማየት የመጣሁ መሰለሽ?" ከዛ ጉንጬን ሳመችኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። መኪናው መጣ፣ ገባች። ልሮጥ አልኩ፣ ጉልበቴ እንቢ አለ። "በልዬ!" ብዬ ጮህኩ መሰለኝ፤ መስኮቱ ዝግ ነበር።

እስከ ምሽት እዛው ተቀመጥኩ። መብራቱ በራ፣ ልጆች በብስክሌት አለፉ፣ ሰው ፎቶ ተነሳ። ይሄ መንገድ ቦሌን ያስንቃል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አዎ፣ በመብራቱም በአበባውም ያስንቃል፤ በልዬ ራሷ ጠዋት መስክራለታለች። ከሰዓት ወደ ቦሌ የመለስኳት እኔ ነኝ። የማህሌት ስልክ ቁጥር ወረቀቱ ላይ አለ፤ ልጄን ደውልልኝ ብዬው ደወለ፣ ማህሌት አነሳች፣ "ማሚ ተኝታለች" አለችኝ። በማግስቱም ተኝታ ነበር። በሳምንቱም። ስለዚህ ይኸው ጽፌዋለሁ፤ ማህሌት ታንብብላት፣ ወይም ጎረቤት ያንብብላት፣ ሰው ሁሉ ይስማው። በልዬ፣ አልታመምሽም ነበር። ቤንዚንም አልጠፋም። መንገዱም አልራቀም፣ ሴቶቹም የሚለብሱት ነበራቸው። ቀናሁብሽ።